በሐጂ ከብት ላይ የወጣችው ሁለተኛዋ መስመር

ትሕትናው የበዛ ሰው ያጠራጥረኛል። ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲህ ነኝ። የሚቆጣ ሰው ያሰበው ፊቱ ላይ ይነበባል። ጎንበስ ቀና የሚለው ግን ጎንበስ ባለ ቁጥር ፊቱ ይሸፈናል፤ ምን እንዳሰበ በምን ይታወቃል? ስለዚህ ያ የላቦራቶሪ ባለሙያ የመጀመሪያ ቀን ከበሩ ጥበቃ ጀምሮ የሁሉንም እጅ በሁለት እጁ እየጨበጠ ሲመጣ፣ እኔ ቢላዋ ማጠቢያዬ ጋ ቆሜ፣ “ይኼ ደግሞ ምን ሊወስድ መጣ?” አልኩ በልቤ።

ቄራችን ከኮምቦልቻ ወጣ ብሎ ያለ ትንሽ የግል ቄራ ነው። የምኖረው ደሴ ነው። ጠዋት ወፍራም ሹራብ ለብሼ ሚኒባስ እገባለሁ፤ ጠመዝማዛውን ወርደን ኮምቦልቻ ስንደርስ ሙቀቱ ይቀበለኛል፣ ሹራቤን አጣጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ እከታለሁ። ሥራዬ ማጠብ ነው፦ ቢላዋ፣ መንጠቆ፣ ወለል። ትምህርቴን ያቋረጥኩት አራተኛ ክፍል ላይ ነው። ማንበብ የለመድኩት አጎቴ ሥጋ ቤት ውስጥ፣ ከመጠቅለያ ጋዜጣ ነው። ከዚያ የተነሳ የብዙ ወሬ መጀመሪያውን አውቃለሁ፤ መጨረሻውን ደንበኛ ሥጋ ጠቅልሎበት ሄዷል። ምናልባት ለዚህ ይሆናል የጎደለውን ራሴ መሙላት የምወደው።

ቄራችን ሁለት ማረጃ አለው፤ አንዱ የሙስሊሙ፣ ሌላው የክርስቲያኑ። መሃላቸው ግድግዳ አለ፣ ግድግዳው ላይ በር አለ፣ በሩ አጠገብ የእኔ ማጠቢያ። ቢላዋው ለየብቻ ነው የሚታጠበው፣ ገንዳውም ለየብቻ። ቀልዱ ግን አንድ ነው፤ በግድግዳው ላይ እየዘለለ ሲመላለስ ይውላል።

በሙስሊሙ በኩል ዋናው አራጅ ሐጂ ነበሩ። መካን አይተው አያውቁም። “ዘንድሮ እሄዳለሁ፣ ለከርሞ እሄዳለሁ” ሲሉ ዓመታት ስላለፉ፣ አንዱ ቀልደኛ ሐጂ አላቸው፣ ስሙም በዚያው ተጣበቀ። “አላህ ፊት አጭበርባሪ አድርጋችሁ ልታቀርቡኝ ነው” ይላሉ፤ ሲጠሩ ግን አቤት ይላሉ። የቢስቲማ ሰው ናቸው፣ የእናቴ አገር። ይህን ሥራ ያስገኙልኝም እሳቸው ናቸው። አባቴን በደንብ ስለማላስታውሰው፣ አባት ሲባል ወደ ልቤ የሚመጣው የሐጂ ሳል ነው።

ሐጂ ዝግተኛ ናቸው። ቢላዋቸውን ከብቱ እያየ አይስሉም፤ ወደ ጓሮ ወጥተው ነው የሚስሉት። አንዱ ከብት ሌላው ሲታረድ እንዲያይ አይፈቅዱም፣ በሩ ይዘጋ ይላሉ። ሥራ አስኪያጃችን በዚህ ይቃጠላል። “ሐጂ፣ ከብቱ እኮ ሠርግ አልተጠራም” ይላቸዋል። እሳቸው ደግሞ፣ “ሥጋውን የሚበላው ሰው እኔን አያየኝም። ሳያየኝ ነው ያመነኝ። አማና ነው፤ አደራ ነው” ይላሉ። በዚህ ነገር እሱና እሳቸው ከተቃቃሩ ቆይተዋል። ሰውየው ሰበብ እየጠበቀ እንደሆነ ማንም ሳይነግረኝ አውቅ ነበር። ቢያንስ የማውቅ ይመስለኝ ነበር።

ነገሩ የጀመረው ዶክተሯ መጥታ ሰብስባ ያስረዳችን ቀን ነው። የላቦራቶሪው ኃላፊ ናት፤ ድምፅዋ ቀጭን፣ ዓይኗ ደግ።

“ሥጋ ላይ የሚገኝ፣ ሰው ሆድ ውስጥ ሲገባ የሚያሳምም ጀርም አለ” አለች። “ላቦራቶሪ አሳድገን እስክናየው ብዙ ቀን ይፈጃል፤ ሥጋው እስከዚያ ተበልቷል። አሁን በማግስቱ የሚናገር ፈጣን መመርመሪያ መጥቷል። እኛ እናንተን ልንመረምር አልመጣንም። መመርመሪያውን ራሱን ነው የምንመረምረው። እውነት ይናገራል ወይስ ይዋሻል?”

“ምስክሩን ልትመረምሩት ነዋ” አሉ ሐጂ።

“ልክ ነው አባቴ።”

አሠራሩ ቀላል ነው። የታረደው ከብት ተገፍፎ ከተሰቀለ በኋላ ባለሙያው በንጹሕ ስፖንጅ አንድ ጎኑን ያብሳል፤ ያ ለፈጣኑ ነው። ከዚያ እጁን በአልኮል አሽቶ፣ አዲስ ጓንት አጥልቆ ሌላውን ጎን ያብሳል፤ ያ ላቦራቶሪ ሄዶ እስኪያድግ የሚጠበቀው ነው። የፈጣኑን ስፖንጅ ፈሳሽ ያለበት ከረጢት ውስጥ ከትቶ ሙቅ ሳጥን ውስጥ ያሳድረዋል። “ይህ ፈሳሽ ምንድን ነው?” ብለን ብንጠይቀው፣ “የጀርሙ ምግብ ነው፣ ሾርባ በሉት” አለ። ከግድግዳው ማዶ አንዱ፣ “እኛ ምሳ በደረቁ፣ ጀርሙ በሾርባ!” አለና ቄራው በሳቅ ተናጋ። ጠዋት ከሾርባው ትንሽ ጠብታ ወረቀቷ ላይ ይጨመራል። አንድ ቀይ መስመር ከወጣ ጀርም የለም፤ ሁለት ከሆነ አለ። ልክ እንደ እርግዝና መመርመሪያው።

በማግስቱ ወረቀቶቹ ጠረጴዛው ላይ ተደረደሩ። ሁሉም አንድ መስመር። ከአንዷ በቀር። እሷም በእኛ፣ በሙስሊሙ በኩል የታረደው የቀኑ የመጀመሪያ ከብት ነበረች፤ የመጀመሪያውን ደግሞ ሁልጊዜ የሚያርዱት ሐጂ ናቸው፣ ስለ ክብራቸው።

“የሐጂ በሬ አረገዘ” ተባለ። ሐጂም ሳቁ።

በሚቀጥለው ዙር እንደገና የሐጂ ከብት ሁለት መስመር አወጣ። የዚያን ቀን ማንም ስለ እርግዝና አላወራም። ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ጠራቸው፤ እኔ ደጁን ስወለውል ነበር፣ በሩም ክፍት ነበር። ካልተዘጋ በር ላይ ጆሮ የሚደፍን ሰው አላውቅም።

“ሐጂ፣ ይህ ነገር አንድ ጊዜ ከደገመ ቢላዋውን ያስረክቡና ቆዳ ቤት ይገባሉ” አላቸው። ቆዳ ቤት ማለት ቆዳው በጨው የሚታሽበት ጨለማ ክፍል ነው።

“ዶክተሯ የላቦራቶሪውን ጠብቁ አላለችም?”

“ላቦራቶሪው እስኪናገር ሰው ይታመም? ተጠያቂው እኔ ነኝ እኮ።”

ይህን ሲል ፊቱን አየሁት። እውነትም የፈራ ይመስል ነበር። ግን የፈራ መስሎ መታየት የማይችል ሥራ አስኪያጅ የት አለ?

ሐጂ ወጡ። በእኔ በኩል ሲያልፉ ቆም አሉ፣ ቢላዋቸውን አወጡና ዘረጉልኝ።

“ልጄ” አሉ፣ “በደንብ አጥበሽልኝ ነው?”

ስንት ዓመት ሙሉ እንዲህ ጠይቀውኝ አያውቁም። “ወላሂ አጥቤዋለሁ ሐጂ” አልኩ። “አምንሻለሁ” አሉ፣ ግን ራሳቸው ዞረው እንደገና አጠቡት። የፈላ ውሃው እጃቸውን ሲያቃጥላቸው አየሁ። ቆዳ ቤቱ አይደለም ያስፈራቸው፤ ሳያያቸው ያመናቸውን ሰው አሳምመው እንደሆነ ነው። “ቢላዋው ከእኔ ይወሰድ፣ ኸይር ነው” ብለውኛል አንድ ቀን፤ “ግን አበላሽተህ አበላህ ተብዬ ነው የምወጣው?”

ከዚያ በኋላ ቄራው ሌላ ቤት ሆነ። የእኛዎቹ፣ “ከማዶ ሰው ገብቶ የሆነ ነገር አድርጎ ይሆናል” አሉ በሹክሹክታ። ማዶዎቹ፣ “እኛ ላይ ሊያላክኩ ነው” ብለው በሩን መዝጋት ጀመሩ። ቀልዱ ግድግዳውን መዝለል አቆመ። ሁሉም የሁሉንም እጅ ያይ ነበር። እኔም አየሁ። ማን የውሃ ባልዲው ጋ እንደቆመ፣ ማን ያለ ሥራው ወደ ተሰቀለው ሥጋ እንደተጠጋ። አንድ ፊት ለብዙ ዓመት አይተሽው እንደ አዲስ ስታዪው፣ ሁሉም ሰው ሌባ ይመስላል።

የላቦራቶሪው ውጤት በዚህ መሃል መጣ። የሐጂ ከብቶች ንጹሕ ናቸው። ዶክተሯ በስልክ፣ “መመርመሪያው የሚሳሳት ይመስላል፣ አንድ ዙር እንጨምርና እንወስን” አለች። ሥራ አስኪያጁ ግን፣ “የሚሳሳት ከሆነ ለምን ሐጂ ላይ ብቻ ይሳሳታል?” አለ። ጥያቄው ትክክል ነበር፤ እኔንም ያቃጠለኝ ትክክልነቱ ነው። መሣሪያ ሰው አይመርጥም። የሚመርጥ ሰው ነው። ስፖንጁን የሚይዘው ሰው ደግሞ አንድ ነው፤ ያ ጎንበስ ቀና የሚለው።

በዚያ ሳምንት እሑድ ደሴ ፒያሳ ለልጄ ጫማ ልገዛ ወጥቼ ነበር። አንድ ካፌ በረንዳ ላይ ሥራ አስኪያጁንና ባለሙያውን ፊት ለፊት ተቀምጠው አየኋቸው። ሻይ ይዘዋል። ሥራ አስኪያጁ ይስቃል፤ ባለሙያው እንደ ልማዱ አንገቱን ደፍቷል። ከአንድ ጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ጥላ ሥር ቆሜ ሂሳቡን ማን እንደሚከፍል ጠበቅኩ። ሥራ አስኪያጁ ከፈለ። ጫማውን ሳልገዛ ተመለስኩ። ባጃጅ ውስጥ ተቀምጬ ታሪኩን ከራሱ እስከ ጭራው ጨርሼዋለሁ፦ ሻጭና ገዢ፣ ሻይ፣ ስፖንጅ፣ የሐጂ ቢላዋ። አንዲት ቀዳዳ አልነበረውም።

የመጨረሻው ዙር ጠዋት ባለሙያው ጓንቱን አጥልቆ፣ የክርስቲያኑን በኩል ጨርሶ፣ አዲስ ጓንት ለውጦ ወደ እኛ ሊሻገር ሲል በሩ ላይ ቆምኩበት። የውሃውን ጎማ ይዤ ነበር፤ ውሃው ክፍት ነው።

“እንደምን አደርሽ እታለም” አለኝ።

“ሻዩ ጣፍጦህ ነበር?”

“የቱ ሻይ?”

“የፒያሳው።”

ሳቀ። “ጣፋጭ ነበር፣ ስኳር አብዝተውበታል። እዚያ ነበርሽ እንዴ? ምነው መጥተሽ ብትቀመጪ።”

“ሦስተኛ ስኒ ስላልነበረ ነው። ሐጂን ለማስወጣት ምን ሰጠህ?”

አሁን አልሳቀም። ጆሮው ቀላ። የኩታበር ገበሬ ልጅ መሆኑን ነግሮናል፤ የገጠር ልጅ ሲናደድ ጆሮው ነው የሚናገረው።

“ሥራው መቼ ያልቃል ብለው ጠየቁኝ። አላውቅም አልኳቸው። ሂሳቡን ልክፈል ስል እምቢ አሉ። ይኸው ነው።”

“እሱ በነፃ አይጋብዝም።”

“እታለም፣ የማደርገውን ሁሉ በሰው ፊት ነው የማደርገው።”

“ሌባም በገበያ መሃል ነው የሚሰርቀው።”

ጎማዬን አየ፤ ቦቲው ውስጥ ውሃ እየገባ ነበር። “እሺ” አለ በመጨረሻ። “አብረሽኝ ግቢ። ከጎኔ አትለዪ። የምሠራውን ሁሉ ዓይንሽ እያየ እሠራለሁ፤ ያላማረሽ ቦታ ላይ አቁሚኝ።”

“አቆምሃለሁ” አልኩ። ውሃውን ዘጋሁና ተከተልኩት።

ዓይኔን ከእጁ ላይ አላነሳሁም። የስፖንጁን ከረጢት አሳየኝ፣ እሽጉ ያልተከፈተ። እሺ። ሳጥኑን ከፈተልኝ፣ በረዶ ብቻ። እሺ። ኪሱን ገለበጠልኝ፣ መሀረብና የሚኒባስ መልስ። እሺ። ሐጂ የመጀመሪያውን አርደው፣ ቆዳውን በእጃቸው ይዘው ማስገፈፍ ጨርሰው፣ ሥጋው ተሰቅሎ ነበር። ባለሙያው ሲገባ እንዳዩት እንደ ወትሮው በቆርቆሮ ከተቀመጠው ውሃ እጃቸውን ለቅለቅ አድርገው፣ አራገፉና ዘረጉለት።

እሱም እንደ ወትሮው የቀኝ ጓንቱን አወለቀ፤ ብብቱ ሥር ያዘው። ጎንበስ ብሎ እጃቸውን ጨበጠ፣ ሳመ። እሳቸውም የእሱን ሳሙ። “ሰላም አደርክ ልጄ፣ ቤተሰብ ደኅና፣ ከብቱ ደኅና፣ አገሩ ሰላም?” “አልሐምዱሊላህ ሐጂ፣ እርስዎ እንዴት አደሩ?” ተባባሉ። ከዚያ ጓንቱን ከብብቱ አውጥቶ መልሶ አጠለቀ።

እኔም እያየሁ አሳለፍኩት። ምን ይባላል? በጓንት የአዛውንት እጅ የሚጨብጥ፣ ወይም ሥራ ላይ ነኝ ብሎ ሰላምታ የሚነሳ፣ እሱ ነው ‘ቁም’ የሚባለው። እንዲያውም ደግ ሰው መስሎኝ ለአፍታ ተናደድኩ፤ በዚያ ሰዓት ደግ እንዲሆን አልፈለግኩም ነበር።

ስፖንጁን አወጣ። ወደ ሥጋው ዘረጋ። ሊነካው ትንሽ ሲቀረው እጁ አየር ላይ ቆመ።

ጓንቱን አየው። መዳፉን ገልብጦ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረው። ጣቶቹ መሃል አጭር ቀይ ፀጉር ተጣብቋል፤ የከብት ፀጉር፣ ከቆዳው የመጣ።

“እታለም” አለ ቀስ ብሎ፤ “አላቆምሽኝም።”

“የት ላይ?”

“እዚያ ላይ።” በአገጩ ወደ ሐጂ አሳየኝ። “እኔም ራሴን አላቆምኩም። አንድም ቀን።”

ሐጂ ግራ ገብቷቸው ሁለታችንን ያዩ ነበር።

ነገሩ የዚያኔ ገባኝ፤ ሲገባኝም ደስ አላለኝም። ማዶ ያሉት አራጆች እኩዮቹ ናቸው፤ ጓንቱን ካጠለቀ በኋላ ራሱን ነቅነቅ አድርጎላቸው ያልፋል። የእኛዎቹንም እንደዚያው። ጓንት አውልቆ እጅ የሚስመው የሐጂን ብቻ ነበር። ከቆዳው ወደ እጃቸው፣ ከእጃቸው ወደ እጁ፣ ከእጁ ወደ ጓንቱ፣ ከጓንቱ ወደ መጀመሪያው ስፖንጅ። ሁለተኛውን ሲይዝ እጁን በአልኮል አሽቶ ጓንት ይለውጣል፤ ለዚህ ነው ላቦራቶሪው ንጹሕ ያለው። ሐጂን ሊያስወጣቸው የነበረው ክብራቸው ነው። ያንን ሁሉ ታሪክ ባጃጅ ውስጥ ስፈትል ይህን አልፈተልኩትም።

ባለሙያው የዚያን ቀን ስፖንጁን ሥጋው ላይ አላሳረፈም። ጓንቱን ራሱን አበሰበት። ከዚያ እጁን ታጥቦ፣ አልኮል አሽቶ፣ አዲስ ጓንት አጥልቆ፣ በአዲስ ስፖንጅ የሐጂን ከብት አበሰ። ሁለቱም ሾርባቸው ውስጥ ገብተው አደሩ። እኔ ግን ዓይኔን ሳልከድን አደርኩ። ጓንቱ ንጹሕ ሥጋው ቆሻሻ ሆኖ ቢወጣስ? ሐጂን ይዤ ቆዳ ቤት የማስገባቸው እኔው ልሆን ነው፤ አጥብቄ ጠይቄ፣ አጥብቄ ፈትሼ።

ጠዋት ዶክተሯ ራሷ መጣች። ሥራ አስኪያጁም ነበር። ማዶዎቹ በሩን ከፍተው አንገታቸውን አስገቡ። ጠብታው ተጨመረ፤ ቀዩ ቀለም ወረቀቷ ላይ መውጣት ጀመረ። የጓንቱ ሁለት መስመር። የሐጂ ከብት አንድ። ቆየን፤ ዶክተሯም ሰዓቷን እያየች ቆየች። አንድ።

“እንግዲያው ነገሩ እጄ ነው?” አሉ ሐጂ። እጃቸውን ከፍ አድርገው እንደ ሌላ ሰው እጅ አዩት።

“የቆዳው ነው አባቴ” አለች ዶክተሯ። “ቆዳ የነካ ሁሉ እጁ ላይ ይኖረዋል፤ እኔም እዚያ ብውል ይኖረኛል። ሥጋውን አላስነኩትም። ሥጋዎ ንጹሕ ነው።”

“ምስክሩስ ዋሸ?”

“አልዋሸም። እኛ የጠየቅነው ስለ ሥጋው ነበር፤ እሱ የመለሰልን ስለ ሰላምታችሁ።”

ሥራ አስኪያጁ ጉሮሮውን ጠረገ። “ጥሩ። ሐጂ ቦታቸው ላይ ናቸው። ሳይረፍድ ሥራ እንጀምር” አለና ወጣ። ይቅርታ አላለም። ያን ሻይ እንዲያው ጋበዘው ቢሉኝ እስከ ዛሬ አላምንም፤ ባለሙያው የማለውን ያህል ይማል።

ከማዶ አንዱ፣ “ታዲያ የበሬው እርግዝና ውሸት ነበር ማለት ነው?” አለ። ቀልዱ ግድግዳውን እንደገና የዘለለው በዚያ ነው።

የተበላሹት ዙሮች ተሰርዘው ምርመራው እንደ አዲስ ተጀመረ። ለሐጂ ትልቁ ፈተና ያ ነበር። ባለሙያው ሲገባ እጃቸው ራሱ ይነሳባቸዋል። በመጨረሻ ሁለት እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው፣ ክፍል ውስጥ ሲያወራ እንደተያዘ ተማሪ ቆመው፣ “ሰላም ነህ ልጄ? ታስሬያለሁ፣ ቅር እንዳይልህ” ይሉት ጀመር። እሱ ከሩቅ ቆሞ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ ይላል። ከዚያ ያብሳል። በማግስቱ አንድ መስመር።

ሥራው ያለቀ ቀን ባለሙያው ሳጥኑን ተሸክሞ ሊወጣ ሲል ሐጂ ከማጠቢያዬ ጠሩት።

“ሳትሰናበተኝ ልትሄድ ነው?”

እጃቸውን በሳሙና እያጠቡ ነበር። በጣቶቻቸው መሃል፣ ከጥፍራቸው ሥር፣ ለሶላት እንደሚያደርጉት እስከ ክርናቸው። ውሃውን የማፈሰው እኔ ነበርኩ። ፎጣ ስዘረጋላቸው እምቢ አሉ፣ ፎጣው የት እንደዋለ አይታወቅማ፤ አየር ላይ አደረቁትና ዘረጉለት።

ባለሙያው ሳጥኑን መሬት አስቀመጠ። ጎንበስ ከማለቱ በፊት ግን ቀና ብሎ አየኝ፤ ፈቃድ እንደሚጠይቅ።

እኔም የሐጂን ጥፍሮች አንድ በአንድ አየኋቸው፤ ሳሙናውንም አየሁ። ከዚያ ራሴን ነቀነቅኩለት።